ማን ተመለሰ? ማን ቀረ?

ሲስተር በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎች ዕድሜያቸውን በነርስነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ዛሬም ልጁን ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። የእህታቸው ልጅ በሰሜን ሸዋ በአንድ ገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ለሥልጠና መጥታ እሳቸው ዘንድ አርፋለች። ከራት በኋላ የተጀመረው ጨዋታ ኮሮና ሰዉን ምን አስተምሮት ሄደ ወደሚል ክርክር ዞረ።

ሲስተር፦ እኔን የሚያሳዝነኝ ሰው ቶሎ መርሳቱ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ ሲባል ከተማው በሳምንቱ ሌላ መልክ ያዘ። በየሱቁ ደጅ፣ በየባንኩ በር፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ቅጥር ጀሪካን ከነቧንቧው ተተከለ። የታክሲ ረዳት እንኳ እጅሽ ላይ አልኮል ሳያፈስ አያሳፍርሽም ነበር። ይኼ ሁሉ የት ገባ? ዛሬ ክሊኒክ ገብተሽ እንኳ ሳሙና የሌለው መታጠቢያ ታገኛለሽ።

ወጣቷ፦ ሰው አልረሳም እትዬ። የኔ ቀበሌ ሴቶች እጅ መቼ መቼ እንደሚታጠብ ቢጠይቋቸው ከእኔ አሳምረው ይነግሩዎታል። ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዳዱ በኋላ፣ ምግብ ሳያቀርቡ፣ ልጅ ሳያጠቡ። ትምህርቱ ገብቷቸዋል። የጎደለው ውኃው ነው።

ሲስተር፦ ያን ጊዜስ ውኃው መቼ ተርፎ ያውቃል?

ወጣቷ፦ ውኃው አልተረፈም፤ የሚቀዳው ሰው ግን ነበረ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ቤት ዋሉ። ውኃ የሚያመላልስ ጉልበት በየቤቱ ተገኘ። እኛም ቤት ለቤት እየዞርን የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በምስማር እየበሳን መጸዳጃ ቤቱ ቋሚ ላይ እናስር ነበር። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ሄዱ፤ ጀሪካኑ በእናትየው ጀርባ ብቻ ቀረ። ሃያ ሊትር አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ውኃውን መጀመሪያ ለመጠጥ ትላለች፤ ቀጥሎ ለወጥና ለሊጥ፤ ከዚያ ለጥጃው። የእጅ ተራ ሲደርስ ጀሪካኑ ባዶ ነው። ቤት ለቤት ስዞር የማየውን ልንገርዎት፤ ቦኖው አካባቢ ባሉት ቤቶች ጠርሙሱ ዛሬም ተንጠልጥሏል፤ ሳሙና ባይኖር እንኳ አመድ በጣሳ ተቀምጧል። ዳገቱን እየወጣሁ ስሄድ ጠርሙሱ እየጠፋ ገመዱ ብቻ ይቀራል። ሴቶቹ ያው ናቸው፤ የተማሩትም ከአንድ አፍ፣ ከእኔው ነው።

ሲስተር፦ ልክ ነሽ፤ ወረርሽኙ ሲገባ በአገሪቱ ውኃና ሳሙና ያለበት መታጠቢያ ያለው ቤት ከአስሩ አንድ አይሞላም ነበር። ግን ሁሉን ነገር በውኃ አታሳቢ። ሰው የፈለገውን ልማድ ይይዛል። ኅዳር ሲታጠን አታይም? በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው ያ የኅዳር በሽታ ያሉት፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ የገባው። አዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው አለቀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ነው የተረፉት። ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ይነገራል፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 በሚካኤል ዕለት ሰፈርተኛው ቆሻሻውን ጠርጎ፣ ሰብስቦ የሚያጥነው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ እጅ መታጠብን በሬዲዮ ነገርን፣ በቴሌቪዥን ነገርን፣ ስልክ ሲደወል ከመጥሪያው በፊት ሳይቀር ነገርን፤ ሁለት ዓመት አልሞላውም።

ወጣቷ፦ እሱ እኮ የኔን ነገር ነው የሚያስረዳልኝ! ኅዳርን ለማጠን መጥረጊያና ክብሪት ይበቃል። ሁለቱም ከማንም ቤት አይጠፉም። ቀን ተቆርጦለታል፤ ጎረቤት አብሮ ይወጣል፤ የቀረ ሰው ደጁ ሳይጠረግ ይታያል። እጅ መታጠብን ግን ለእያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ ሰጥተናት፣ ያውም ውኃ ሳንሰጣት ሄድን።

ሲስተር፦ የቆየ ሁሉ ግን ደግ ነው እንዳትይኝ። ድሮ የሚታጠነው ጭድና ቅጠል ነበር። አሁን ፌስታል ነው፤ ጎማ ነው። በማግስቱ ጧት አስም ያለበት ሰው እያፏጨ ሲመጣ ስንቱን ኦክስጅን ላይ አድርጌዋለሁ። መነሻው የተረሳ ልማድ ሰው ይጎዳል።

ወጣቷ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝም እንዲያ ያለው ነው። ኮሮና ራሱ የተከለው ልማድ አለ፤ ጤና ጣቢያ ያለመምጣት ልማድ። ጀሪካኑ ሲነሳ ሁሉም ሰው አይቷል። ይኼኛው ግን የየቤቱን የጤና መዝገብ፣ የቤተሰብ ፎልደሩን ካልገለጡ አይታይም።

ሲስተር፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት አዎን፣ ወረፋው ጭር ብሎ ነበር። እኔ በር ላይ ሙቀት ስለካ ነበርኩ። ቀጠሮ ያላቸው የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ሳይቀሩ ጠፉ። ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ያስከፍል ነበር፤ ስለዚህ ከዳር ሰፈር የሚመጣው ሰው የመድኃኒቱን ብር በመንገድ ጨረሰው። ሌላው ደግሞ ፈራ። መለኪያው ቀይ ካሳየ በዚያው ለይቶ ማቆያ ይወስዱኛል ብሎ ነው። ወባም ይሁን ጉንፋን ያተኮሰው ሰው ማታ ፓራሲታሞል ውጦ ጧት ይመጣል፤ ወይም ጨርሶ አይመጣም።

ወጣቷ፦ እና እኛ በር ላይ አስፈራራናቸው።

ሲስተር፦ ቆይ እንጂ ልጄ! በዚያ ሰዓት ምን ልናደርግ ኖሯል? ለሠራተኛው ማስክ አይዳረስም፤ አንዱን ማስክ ቀኑን ሙሉ አድርገሽ ትውያለሽ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ተለይቶ ነበር፤ ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተደርድሮበት ነበር። አብራኝ የምትሠራ ነርስ አከራይዋ ልብስሽን ደጅ እያወለቅሽ ግቢ ሲላት ከርሞ በመጨረሻ ቤቱን ልቀቂ አላት። ማን ምን እንደያዘው ሳይታወቅ ሁሉንም ዝም ብለን ብናስገባ ምጥ ይዟት የመጣችውን፣ ካንሰር ያለበትን፣ አራስ ልጁን አብረን በበሽታ እናስፈጅ ነበር። ያ ማጣራት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ።

ወጣቷ፦ ማጣራቱን አልነቀፍኩም እትዬ። የምለው ሌላ ነው። አትምጡ ሲባል በሞንታርቦ ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተናገረ፣ ቄሱ ተናገሩ፣ እኔም በየቤቱ ሄጄ ያልታመመ አይምጣ፣ ለቀላል ነገር አትምጡ፣ አስታማሚ ይዛችሁ አትምጡ አልኩ። ኑ የተባለው ግን መቼ ነው? በማን አፍ? በየትኛው ሞንታርቦ? ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ያለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜው አልቆ አበቃ፤ ገበያው ተከፈተ፤ ሠርጉ ተደገሰ። ጤና ጣቢያው ግን እንደ ድሮው አስታማሚ ይዛችሁ ግቡ ብሎ የነገራቸው የለም። አንዳንዱ ቦታ ክልከላው ራሱ ማስክ ከተጣለ በኋላ ሳይነሳ ቀርቷል። ዘበኛው እስካሁን አማትን በር ላይ ይመልሳል።

ሲስተር፦ አማቷን?

ወጣቷ፦ ወላድ ይዛ የመጣችውን። ወሊድ ላይ የደረሰውን ላስረዳዎት፤ ከሁሉም የሚቆጨኝ እሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የምትወልደው እናት ከመቶ 26 ነበረች። በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሰች። በሦስት ዓመት! ይኼ በትምህርት ብቻ የመጣ አይደለም። አምቡላንስ ገባ፤ ቀኗ የደረሰ እናት ከሩቅ መጥታ የምታርፍበት የእናቶች ማቆያ ተሠራ። እና ገንፎው።

ሲስተር፦ ገንፎውን አውቃለሁ። እኛም ጋ ይገነፋ ነበር።

ወጣቷ፦ እኛ ዘንድ ሴቶቹ እህሉን በየቤቱ ያዋጣሉ፤ ዱቄቱ ጤና ጣቢያ ይቀመጣል። የወለደች ዕለት እናቷ ወይም አማቷ እዚያው ታገነፋለች፤ ቅቤና በርበሬው መሐሉ ላይ ይደረጋል፤ ቡና ይፈላል፤ እልል ይባላል። ለብዙዎቹ ቤት መውለድን ያስመረጣቸው ይኼው ነበር እኮ፤ ሰው የሌለበት፣ ገንፎ የሌለበት፣ ባዶ ግድግዳ እያዩ መውለድ ያስፈራቸዋል። ጤና ጣቢያው ያንን ቤታቸው ያለውን ነገር ሲያመጣላቸው መጡ። በ2012 ዓ.ም. ገንፎው ቀረ፤ ሰው እንዳይሰበሰብ። አስታማሚም በር ላይ ቀረች። ማቆያ ቤቱም ተዘጋ። እናትየው ብቻዋን ገብታ፣ ብቻዋን አምጣ፣ ብቻዋን ወጣች።

ሲስተር፦ ነገሩ ሲበርድ ተመለሱ አይደል?

ወጣቷ፦ ብዙዎቹ ተመልሰዋል። ያልተመለሱትን ነው የምነግርዎት። አንዲት እናት አለች፣ የመጀመሪያና ሁለተኛ ልጆቿን ጤና ጣቢያ የወለደች። እኔው ነኝ ያስከተብኳቸው። ሦስተኛው በዚያው በኮሮና ሰሞን ደረሰና አማቴን ካላስገባችሁ አልሄድም ብላ ቤት ቀረች፤ አንዲት የልምድ አዋላጅ ይዛት በሰላም ወለደች። አራተኛው ሲመጣ በሩም ተከፍቷል፣ ማስክም ተጥሏል። አሁንስ ነይ ብዬ ለመንኳት። ያኛውን ቤት ወለድኩ፣ ምን ሆንኩ? አለችኝ። መልስ አጣሁላት፤ እውነቷን ነው፣ ምንም አልሆነችም። አራተኛውን ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። በቃሬዛ አውርደዋት አምቡላንሱ መንገድ ላይ ተቀበለን። በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፋለች። እና አዩ እትዬ፣ እዚያ ያደረሳት ፍርሃት አይደለም፤ የሦስተኛው በደህና መገላገል ነው። አንድ ጊዜ በሌላ መንገድ ሄዶ ያልተጎዳ ሰው ያንን መንገድ ይለምደዋል።

ሲስተር፦ ይኼ እኔም ያየሁት ነው፣ በፋርማሲ በኩል። ቀድሞ ሐኪም ያዘዘልኝ ብሎ ወረቀት ይዞ የሚሄደው ሰው ዛሬ በቀጥታ አዚትሮማይሲን ስጡኝ ይላል። ስሙን ከየት አመጣው? በዚያን ጊዜ በስልክ ሲቀባበሉት ነው የተማረው። ፌጦውን፣ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን አልቃወምም፤ ሎሚ በዋጋ የማይቀመስ ሆኖ የከረመውም ለዚሁ ነበር። ዝንጅብል በማር የጠጣ ሰው ቢያንስ ጉሮሮው ይለዝብለታል። ያለ ምርመራ በየሳሉ አንቲባዮቲክ የሚውጠው ግን ነገ እውነተኛ የሳንባ ምች ሲይዘው መድኃኒቱ እምቢ ይለዋል።

ወጣቷ፦ ሳሉን ካነሱት አይቀር የቲቢው ነገር አለ።

ሲስተር፦ እሱንማ እኔ ልንገርሽ፤ የቲቢ ክፍል ኖሬበታለሁ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው አክታውን ይመርመር እያልን ሰው ሳሉን እንዲቆጥር ለማስተማር ስንት ዓመት ፈጀብን መሰለሽ። ኮሮና በአንድ ወር ሳልን ነውር አደረገው። ታክሲ ውስጥ ያሳለ ሰው እንዲወርድ ተደርጓል። ቅዳሴ ላይ ያሳለ ሰው ነጠላውን አፉ ላይ ጠቅልሎ ሾልኮ ይወጣል። ሳሉን የደበቀ ሰው ለሐኪምም አይናገርም፤ ለሚስቱም አይናገርም፤ ከልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። በዓለም ደረጃ አዲስ የተገኙት የቲቢ ሕሙማን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 7.1 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2020 ወደ 5.8 ሚሊዮን ወረዱ። ሪፖርቱን ብቻ ያየ ሰው በሽታው የቀነሰ ይመስለዋል። የቀነሰው ፈላጊው ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሳይታወቅለት፣ ሳይታከም፣ ሌላውን እያስያዘ ቤቱ ተቀመጠ ማለት ነው።

ወጣቷ፦ እኛም አልፈለግናቸውም። እውነቱን ለመናገር የኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው ቤት ለቤት ዞረን የሚያስለውን፣ ያረገዘችውን፣ ክትባት ያቋረጠውን እንድናገኝ ነበር። በኮሮናው ዓመት ግን ቤት ለቤት የዞርነው ማን ከአዲስ አበባ መጣ፣ ማን ከጅቡቲ ተመለሰ እያልን ነው። እሱም መሠራት ነበረበት። ግን አንድ ቀበሌ ላይ ሁለት ሆነን ሁለቱንም እንዴት እንሥራ? ሰውም ሲያየን ሌላ ነገር ጠረጠረ። ድሮ ክትባት ይዛ መጣች የሚሉኝ ሰዎች ልታስመዘግበን መጣች አሉ።

ሲስተር፦ በጎ የቀረ ነገርስ የለም ልትይ ነው?

ወጣቷ፦ አለ እንጂ! የኤች አይ ቪ መድኃኒት። የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ መስጠቱ ቀድሞም ተጀምሮ ነበር፤ ኮሮና ሲመጣ ሰፋ። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ የቀን ሥራውን ጥሎ፣ ሰው እንዳያየው ጥግ ጥጉን እየሄደ ይመጣ የነበረ ሰው አሁን በዓመት ሁለቴ ይመጣል። ያ እስካሁን አልተነሳም፤ ሊነሳም አይገባም። የሚያሳዝነው የስኳርና የግፊት ታካሚ ይኼ አልደረሰውም። ለእሱም ያው መንገድ ያው ወጪ ነው፤ ግን በየወሩ ና ይባላል።

ሲስተር፦ መድኃኒቱ በቂ ሳይኖር እንዴት የስድስት ወር ይሰጣል? ግምጃ ቤቱ የወር እንኳ ሲያጣ አይቻለሁ።

ወጣቷ፦ የሁለት ወር ቢሆንስ? ከወር ይሻላል። ሌላው የኩፍኙ ዘመቻ ነው። በሚያዝያ 2012 ሊደረግ ታስቦ ተላለፈ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ግን ተደረገ፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል፤ ወደ 15 ሚሊዮን ሕፃናት ለመከተብ ታቅዶ። ጥላ ሥር ቆመን፣ እናቶቹን አራርቀን፣ በየተራ እያስጠጋን ከተብን። ማንም አስገድዶ አላመጣቸውም። በዓመቱ መጋቢት 2013 ላይ የኮሮናው ክትባት ሲጀመር ደግሞ መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ቀበሌውን ሞላው። በኔ ቀበሌ መጀመሪያ ክንዳቸውን የሰጡኝ እነማን መሰሉዎት? ልጆቻቸውን ስከትብላቸው የኖርኩት እናቶች ናቸው። የመጣችው እሷ ከሆነች እሺ አሉ። ስለ ክትባቱ ያወቁት ነገር ኖሮ አይደለም።

ሲስተር፦ እንግዲህ ሥራሽ ታውቆልሻል ማለት ነው። አሁን ምን ልታደርጊ አሰብሽ?

ወጣቷ፦ ፎልደሩን እያገላበጥኩ ከ2012 ዓ.ም. በፊት ይመጡ የነበሩና ከዚያ ወዲህ ያልመጡትን ለይቼ እየጻፍኩ ነው። የወሊዱን ጨርሻለሁ፤ የሚያስሉትን ገና ነኝ። ከዚያ ደግሞ ለወረዳው ደብዳቤ ልጽፍ ነው። ወላድ አንድ ሰው ይዛ እንድትገባ በጽሑፍ ይፈቀድ፣ ዘበኛውም ይነገረው ብዬ። ሁለተኛ የገንፎው እህል መዋጮ እንደገና ይጀመር፤ ይኼንን ሴቶቹ ራሳቸው ጠይቀውኛል።

ሲስተር፦ ሦስተኛውንም ጨምሪ። መፈቀዱ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ቀን በሞንታርቦ ይነገር በይ።

ወጣቷ፦ እጽፋለሁ።

ሲስተር፦ ውኃውንስ? ጤና ጣቢያው ራሱ ውኃ አለው?

ወጣቷ፦ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። በሌላው ቀን አስታማሚዎቹ ከወንዝ ይቀዳሉ። ግን ውኃው እኮ የሌላ ቢሮ ነው እትዬ። ጤና ጽሕፈት ቤቱ የኔ ሥራ አይደለም ብሎ ይመልስልኛል።

ሲስተር፦ ወላድ በምን ትታጠብ? አዋላጇ እጇን በምን ታጥባ ትያዛት? ውኃውንም ጻፊው። ለሁለቱም ቢሮ አድርጊና ግልባጩን ለአስተዳዳሪው ስጪ። የቤቶቹንም ዝርዝር አያይዢበት፤ ጠርሙሱ ያለበትንና ገመዱ ብቻ የቀረውን፣ ከቦኖው ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ እየለካሽ።